የቡፋሎው ጋራንቲ ሕንፃ፦ ከእግር እስከ ራሱ በሸክላ ጌጥ የተሸፈነው ሰማይ ጠቀስ

የፎቅ_ወዳጅ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ቤት የድሮ ሰማይ ጠቀስ ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ማንሃታን ይሄዳል። ክራይስለር፣ ኢምፓየር ስቴት፣ ዎልወርዝ። ዛሬ ከሦስቱም ቀድሞ ስለተሠራ ሕንፃ ላወራችሁ ፈለግኩ። ጋራንቲ ይባላል። ያለው በዚያው በኒው ዮርክ ግዛት ነው፤ ግን ከማንሃታን ርቆ፣ ቡፋሎ ከተማ ውስጥ። በሩን የከፈተው በ1896 ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

13 ፎቅ ነው። ቁመቱ 46 ሜትር ገደማ። ዛሬ ይሄ ቁመት ማንንም አያስደንቅም። የሚያስደንቀው ልብሱ ነው። በሁለቱ መንገዶች በኩል ያለው ገጽ ከእግረኛ መንገዱ እስከ ጣሪያው ጠርዝ ባዶ ቦታ የለውም ማለት ይቻላል። ቅጠል፣ የዘር ፍሬ፣ ክብ፣ ጥምዝ፣ እየተሳበ የሚሄድ ሐረግ። ሁሉም ከተጠበሰ ሸክላ የተሠራ ነው፤ በሙያው ቴራኮታ የሚባለው። ቀለሙ ቀላ ያለ ቡናማ ነው።

የነደፉት የቺካጎዎቹ ዳንክማር አድለርና ሉዊስ ሱሊቫን ናቸው። ያዘዘው ሃስካል ቴይለር የሚባል በነዳጅ ዘይት የከበረ ሰው ነው። በከተማው አቻ የሌለው የቢሮ ሕንፃ ነበር የፈለገው። ሳያየው በ1894 መጨረሻ ላይ ሞተ። ሥራውን አንድ የቺካጎ ኩባንያ ተረከበ፤ ጋራንቲ ኮንስትራክሽን ይባል ነበር፤ የሕንፃው ስም ከዚያ መጣ። ጥቂት ቆይቶ ፕሩደንሻል ኢንሹራንስ ገባበትና በሱም ስም ይጠራ ጀመር። ሁለቱንም ስም ብታገኙ ያው አንዱ ሕንፃ ነው።

ለምን ቡፋሎ? ያኔ ቡፋሎ ገንዘብ ያለበት ከተማ ነበረች። ከመካከለኛው ምዕራብ በሐይቅ የሚመጣው እህል እዚያ ነበር የሚራገፈው፤ ከዚያ በኢሪ ቦይ፣ በኋላም በባቡር ወደ ምሥራቅ ይወርዳል። በ1900 የነዋሪዋ ቁጥር ከ350 ሺህ በላይ ነበር። ከአሜሪካ ከተሞች 8ኛ ነበረች።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የብረት አጽም ከመለመዱ በፊት ረጅም ሕንፃ ቢፈለግ ጭነቱን የሚሸከመው ግድግዳው ራሱ ነበር። ከፍ ባለ ቁጥር ታችኛው ግድግዳ መወፈር አለበት። ቺካጎ ያለውን ሞናድኖክን ተመልከቱ። በ1891 ያለቀው ክፍሉ 16 ፎቅ ሲሆን ከታች የግድግዳው ውፍረት 1.8 ሜትር ይደርሳል። መሬት በወርቅ በሚሸጥበት መንገድ ዳር ይሄን ያህል ቦታ ለግድግዳ መስጠት ያማል። የብረት አጽም ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። ጭነቱን ኮለንና ቢም፣ ማለትም ቆመውና ተጋድመው የሚሸከሙት ብረቶች፣ ወሰዱት። ግድግዳው ሥራ ፈታ። ሊፍቱም ከ1850ዎቹ ጀምሮ አስተማማኝ ፍሬን ስላገኘ፣ አሥረኛ ፎቅ ላይ ቢሮ የሚከራይ ሰው አልጠፋም።

ያኔ አዲስ ጥያቄ መጣ። ጭነት የማይሸከም ግድግዳ ምን ይምሰል? ብዙዎቹ አርክቴክቶች የሚያውቁትን አደረጉ። የድሮ ቤተ መንግሥት ገጽ ወስደው አንዱን በአንዱ ላይ ደራረቡት። ሦስት ፎቅ፣ ከዚያ ጠርዝ፤ ደግሞ ሦስት ፎቅ፣ ደግሞ ጠርዝ። ሱሊቫን ይሄን ጠላው። ረጅም ሕንፃ ረጅም መሆኑን ማሳየት አለበት አለ፤ ከመሬት እስከ አናቱ በአንድ ትንፋሽ መውጣት አለበት። ጋራንቲ በተከፈተበት በዚያው በ1896 ስለ ረጅም የቢሮ ሕንፃ አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ቅርጽ ሁልጊዜ ተግባርን ይከተላል የሚለው ታዋቂ አባባሉ የመጣው ከዚያ ነው።

እኔ አጥብቄ የምለው ይሄን ነው። የጋራንቲ ጌጥ ሕንፃው ካለቀ በኋላ የተለጠፈ አይደለም። ያጌጠው ብረቱን ከእሳት የሚጠብቀው ቆዳ ራሱ ነው። ይሄ ካልገባን ሱሊቫንን ጌጥ የሚወድ የድሮ ሰው አድርገን እናልፈዋለን።

ጥያቄ_አለኝ

በጣም ደስ የሚል ክር ነው፤ እናመሰግናለን። የሁለተኛ ዓመት የአርክቴክቸር ተማሪ ነኝ። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ለምን ሸክላ? ገንዘብ ካላቸው ድንጋይ አይሻልም ነበር? ደግሞ ያን ሁሉ ጌጥ በእጅ መቅረጽ ስንት ዓመት ይፈጃል?

የፎቅ_ወዳጅ

ጎበዝ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሦስት ምክንያት አለው።

መጀመሪያ እሳቱ። ቺካጎ በ1871 ነደደች። ሰው ብረት አይቃጠልም ብሎ ያምን ነበር። እውነት ነው፣ አይቃጠልም፤ ግን ሙቀት ሲበዛበት ይልፈሰፈሳል። ወደ 550 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ ግማሽ ያህል ጥንካሬው ይሄዳል። በዚያ እሳት ምንም ሽፋን የሌለው ብረት ቀልጦና ተጣሞ ሕንፃ ይዞ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ብረቱን በምን እንሸፍነው ተባለ። መልሱ ሸክላ ሆነ። ሸክላ እኮ ከእሳት ነው የወጣው፤ ጀበናችን ፍም ላይ ተጥዶ ምንም እንደማይሆነው ማለት ነው። ድንጋይ ግን በኃይለኛ እሳት ይሰነጠቃል፣ ይፈረካከሳል።

ሁለተኛው ክብደት ነው። የቴራኮታው ቁራጭ ከኋላው ክፍት ሳጥን ነው። ፊቱ አለ፣ ጎኖቹ አሉ፣ ውስጡ ባዶ ነው። ከድንጋይ በጣም ይቀላል። አጽሙ የሚሸከመው ሸክም ቀነሰ ማለት ነው።

ሦስተኛው አሠራሩ ነው፤ ሁለተኛው ጥያቄህም እዚህ ላይ ይመለሳል። አርክቴክቱ ጌጡን በወረቀት ይሥላል። ሞዴል የሚያወጣው ባለሙያ ስዕሉን አይቶ በእርጥብ ጭቃ በእጁ ይሠራዋል። ሲደርቅና ሲጠበስ ስለሚኮማተር ሞዴሉ መጀመሪያውኑ ከሚፈለገው መጠን ከፍ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ከዚያ በላዩ ላይ ጄሶ ይፈሳል። ጄሶው ሲጠነክር ይነሳና ቅርጽ ማውጫ ይሆናል። ሠራተኛው በዚያ ውስጥ ጭቃውን በአውራ ጣቱ እየጫነ ይሞላል። ጄሶው እርጥበቱን ሲመጠው ጭቃው ይላቀቃል። ይወጣል፣ ጠርዙ በቢላ ይስተካከላል፣ ይደርቃል፣ እቶን ውስጥ ይገባል። በአንድ ቅርጽ ማውጫ ብዙ ቁራጭ ይወጣል። እንግዲህ አስበው፤ በአንድ ፎቅ ላይ ያለው ጌጥ በሌላውም ፎቅ ይደገማል። በእጅ የተፈለፈለው አንዱ ብቻ ነው። ያን ያህል ጌጥ በንግድ ሕንፃ ላይ ለማዋል ያስቻለው ይሄ ነው። የጋራንቲ ሸክላ የተጠበሰው ኖርዝዌስተርን ቴራኮታ በሚባል የቺካጎ ፋብሪካ ነው።

ኮለንና_ቢም

ሰላም ወንድሜ። አጻጻፍህ ደስ ይላል፤ ግን እንደ መሐንዲስ ዝም ብዬ የማላልፈው ነገር አለ።

ቅርጽ ተግባርን ይከተላል ያለው ሰውዬ በዚህ ሕንፃ ላይ ምን እንዳደረገ እስቲ ተመልከቱ። የግራውንዱን ኮለኖች ቁጠሩ። ከዚያ አንገታችሁን ቀና አድርጋችሁ ከላይ ያሉትን ቋሚዎች ቁጠሩ። ከላይ ያሉት እጥፍ ናቸው። ለምን? ምክንያቱም ከላይ ካሉት ቋሚዎች ውስጥ የብረት ኮለን ያለው በየሁለተኛው ብቻ ነው። በመሀል ያለው ባዶ ነው። ግን ሁለቱም በአንድ ዓይነት ውፍረት፣ በአንድ ዓይነት ጌጥ ነው የቆሙት። ከውጭ የሚያይ ሰው ሁሉም ጭነት የሚሸከሙ ይመስሉታል። ከጋራንቲ በፊት ሴንት ሉዊስ ውስጥ በሠሩት በዌይንራይትም ላይ ያው ነው። በ1891 ያለቀው ባለ 10 ፎቁ ማለቴ ነው።

እኔ ይሄን ታማኝነት አልለውም። ታማኝ ሕንፃ ማየት ከፈለጋችሁ ቺካጎ ያለውን ሪላየንስን እዩ። በ1895 ነው ያለቀው። ሽፋኑ ነጭ ቴራኮታ ነው፤ ግን በጣም ቀጭን ነው። የቀረው ሁሉ መስታወት ነው። አጽሙ የት እንዳለ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ዛሬ እኛ በየከተማው የምንገጥመው የመስታወት ከርተን ዎል (ጭነት የማይሸከም፣ አጽሙ ላይ እንደ መጋረጃ የሚንጠለጠል ግድግዳ) ዘሩ ከዚያ ነው እንጂ ከጋራንቲ አይደለም።

የፎቅ_ወዳጅ

ኮለንና ቢም፣ የቆጠርከው ልክ ነው። ግን ሱሊቫን ቋሚዎቹን የቆጠረው ከብረቱ ተነስቶ አይደለም። ከቢሮው ተነስቶ ነው።

በዚያ ጽሑፉ ላይ ሕንፃውን ከታች ወደ ላይ ይዘረዝራል። ምድር ቤት ቦይለርና ማሽን አለ። ግራውንዱ ላይ ሱቅና ባንክ አለ፤ ሰፊ ቦታ፣ ብዙ ብርሃን፣ ትልቅ መግቢያ ይፈልጋል። በላዩ ያለው ፎቅ በደረጃ ቶሎ የሚደረስበት ስለሆነ እሱም ለሕዝብ ክፍት ነው። ከዚያ በላይ ያለው ግን አንዱ ቢሮ ከሌላው፣ አንዱ ፎቅ ከሌላው አይለይም። መለኪያው አንዲት የቢሮ ክፍል ናት። ለእሷ አንድ መስኮትና መስኮቱን ከጎረቤቱ የሚለይ አንድ ቋሚ ያስፈልጋታል። ክፍሎቹ አንድ ስለሆኑ አንድ እናስመስላቸው ነው ያለው።

ስለዚህ በመሀል ያለው ቋሚ ሥራ አለው። የክፍሎቹ ማካፈያ ግድግዳ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ተከራይ ሁለት ክፍል ቢፈልግ ማካፈያው ይነሳል፤ አንድ ቢፈልግ ይመለሳል። የሱሊቫን ተግባር ብረቱ ብቻ አይደለም፤ ሰው በሕንፃው ውስጥ የሚሠራው ሥራም ነው። ግራውንዱ ላይ ደግሞ ሱቁ ሰፊ መስኮት ስለሚፈልግ መሀለኛው ቋሚ ቀረ፤ እውነተኛው ኮለን ብቻውን፣ ክብ ሆኖ ቆመ። አንተ የቆጠርከው ልዩነት ራሱ ሕንፃው ስለ ውስጡ የሚናገረው ነገር ነው።

የላይኛውን ፎቅ ደግሞ እይ። ቋሚዎቹ አናት ላይ ሲደርሱ በግማሽ ክብ ይገናኛሉ። በላያቸው ክብ ክብ መስኮቶች አሉ። ጣሪያው ወደ ውጭ እያጎነበሰ ይወጣል። ከጀርባው ያለው የቢሮ ክፍል አይደለም፤ የውኃው ቧንቧ፣ የሊፍቱ ማሽን፣ የእንፋሎቱ መስመር ወደ ላይ ወጥቶ የሚታጠፍበት ነው። ጌጡም እዚያው ላይ ይጠመዘዛል። በክቦቹ ዙሪያ ዞሮ ወደ ታች ይመለሳል።

ኮለንና_ቢም

የማካፈያውን ነገር ተቀብያለሁ፤ ጠንካራ መልስ ነው። ግን ውፍረቱስ? ማካፈያ ለማሳረፍ ያን ያህል ወፍራም ቋሚ አያስፈልግም። ቁመቱን ለማጉላት ብሎ ነው ያወፈረው። ያ የዓይን ጉዳይ ነው፤ የተግባር አይደለም። ለዓይን ብሎ መሥራት ነውር ነው አልልም። ግን ስሙ በስሙ ይጠራ። እኔ አሁንም ምርጫዬ ሪላየንስ ነው።

የቡፋሎዋ

ሰላም ጎረቤቶች! እኔ ቡፋሎ ነው የምኖረው፤ ሥራዬም መሀል ከተማ ስለሆነ በዚህ ሕንፃ ሥር ሁልጊዜ አልፋለሁ። ክርክራችሁን እያነበብኩ አንድ ነገር ልጨምር ብዬ ነው።

ፎቶ ላይ ሕንፃው የተጨናነቀ ይመስላል። ቆማችሁ ስታዩት ግን እንደዚያ አይደለም። ከመንገዱ ማዶ ስትሆኑ ጌጡ አይታይም ማለት ይቻላል። የሚታየው ወደ ላይ የሚሄድ ቀይ ቡናማ መስመር ብቻ ነው፤ ገጹ እንደ ከፋይ ጨርቅ ሻካራ ይመስላል። መንገዱን ስትሻገሩ መስመሩ መሰንጠቅ ይጀምራል። ቅርጽ ይወጣዋል። ኮለኑ አጠገብ ስትደርሱ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ቅጠሉ ጠርዙ ላይ ይጠቀለላል፤ ከሥሩ ሌላ ቅጠል አለ፤ ከሱ ሥር ደግሞ ቀጥ ያለ የመስመር ጥልፍ አለ። እጃችሁን ስትሰዱ ጣታችሁ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። ጠዋት ፀሐይ በጎን ስትመታው ጥላው ስለሚገባበት ቅርጹ ይበልጥ ይወጣል። ደመና ሲሆን ሁሉም ጠፍጣፋ ይሆናል። ቡፋሎ ደግሞ ደመና አታጣም።

ከማዶው ያለው የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ነው፤ የ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጎቲክ፣ ቀይ ድንጋይ። ሁለቱ ፊት ለፊት ናቸው። የካቴድራሉ ጌጥ መስኮቱና በሩ ላይ ተሰብስቧል፤ ግድግዳው ባዶ ነው። የጋራንቲ ግን ሁሉም ጋ አለ። ለኮለንና ቢም የምለው፣ ቋሚው ወፍራም የሆነው ጥላ እንዲጥል ነው ብዬ አስባለሁ። ቀጭን ቢሆን ኖሮ መስኮቶቹ ይውጡት ነበር።

ሌላው ሰው የማያየው ነገር፣ ጌጡ በፐርልና በቸርች መንገዶች በኩል ብቻ ነው። ዞራችሁ ከኋላ ብታዩት ተራ ጡብ ነው። ሕንፃው ከላይ ሲታይ እንደ ፈረስ ጫማ ክፍት ነው፤ በመሀል ባዶ ቦታ አለ፣ ለኋለኞቹ ክፍሎች ብርሃንና አየር እንዲገባ። ያኔ ኤሌክትሪክ መብራት ቢኖርም ሰው የሚሠራው በቀን ብርሃን ነበር።

የጥገና_ሰው

ስለ ቴራኮታ ስትነጋገሩ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ እንጀራዬ የድሮ ሕንፃ ጥገና ነው።

ሸክላ እሳት አይፈራም። የሚፈራው ውኃን ነው። ሸክላው ራሱ አይሟሟም፤ ችግሩ ከኋላው ነው። ቁራጮቹ አጽሙ ላይ የሚያያዙት በብረት ማንጠልጠያ ነው። በመጋጠሚያው ያለው ልስን ሲሰነጠቅ ውኃ ይገባል። ብረቱ ይዝጋል። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ይወስዳል፤ ስለዚህ ሸክላውን ከውስጥ ይገፋዋል። በክረምት የገባው ውኃ በረዶ ሆኖ እንደገና ይገፋዋል። አንድ ቀን ቁራጩ ይሰነጠቅና ወደ መንገድ ይወድቃል። ከውጭ የምታዩት ትንሽ ስንጥቅ ናት፤ ከውስጥ ግን ማንጠልጠያው አልቆ ሊሆን ይችላል። ባለሙያው በትንሽ መዶሻ መታ መታ እያደረገ ድምፁን የሚያዳምጠው ለዚህ ነው። ደህናው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ድብን ያለ ድምፅ አለው።

የዎልወርዝን ታሪክ ብታዩ ይገባችኋል። በ1913 ሲከፈት 241 ሜትር ነበር፤ በዓለም ረጅሙ። እሱም ሽፋኑ ቴራኮታ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በተጀመረው ጥገና 26,000 ገደማ ቁራጭ ተነስቶ በኮንክሪት ተተካ። ሸክላውን መልሶ ማስጠበስ በጊዜው ውድ ነበር፤ የሚችለውም ፋብሪካ አብዛኛው ተዘግቷል። ከመንገድ ሆናችሁ አትለዩትም። እኔ ግን ያማል እላለሁ፤ ኮንክሪቱ የሚያረጀው ሸክላው በሚያረጅበት መልክ አይደለም፣ ቀለሙም በጊዜ ይለያያል።

ጥያቄ_አለኝ

የጥገናው ሰው፣ በጣም ነው የማመሰግንዎት። እንዲህ ያለውን ክፍል ውስጥ አይነግሩንም።

ሌላ ጥያቄ። ሁሉም ሰው ሱሊቫን ሱሊቫን ይላል። አድለር ምን ሠራ? ጌጡንስ በሙሉ ሱሊቫን ብቻውን ነው የሣለው?

ቺካጎ_ነኝ

ይሄን እኔ ልመልስ፤ አድለር በጣም የሚበደል ሰው ስለሆነ ነው።

ዳንክማር አድለር ጀርመን ነው የተወለደው። አባቱ ረቢ ነበሩ። በልጅነቱ አሜሪካ መጣ። በእርስ በርስ ጦርነቱ ለሰሜኖቹ በመድፈኛ ተዋግቷል። መሐንዲስም ነጋዴም ነበር፤ ደንበኛ የሚያመጣው፣ መሠረቱን የሚያሰላው፣ ሠራተኛውን የሚያስተዳድረው እሱ ነው። የድምፅ ነገር ላይ አቻ አልነበረውም። በ1889 ያለቀው የቺካጎ ኦዲቶሪየም ዛሬም ከኋላ ወንበር ተቀምጣችሁ ከመድረኩ የሚወጣውን ድምፅ ጥርት አድርጋችሁ ትሰማላችሁ። ኒው ዮርክ ካርኔጊ ሆል ሲሠራም እሱን አማክረዋል። እሱ ባይኖር ሱሊቫን የሚያጌጠው ሕንፃ አያገኝም ነበር።

ያሳዝናል፣ ጋራንቲ የመጨረሻ ትልቅ የጋራ ሥራቸው ሆነ። በ1893 አሜሪካ ከባድ የገንዘብ ቀውስ ውስጥ ገባች። ሥራ ጠፋ። አድለር ቤተሰብ አስተዳዳሪ ነበር። በ1895 ሽርክናውን ትቶ አንድ የሊፍት ኩባንያ ተቀጠረ። ወራት አልቆየም፣ ተመለሰ። ሱሊቫን ግን አልተቀበለውም። አድለር በ1900 ሞተ። ሱሊቫን ከዚያ በኋላ ትልቅ ሥራ እየራቀው ሄደ። በመጨረሻ በትንንሽ ከተሞች ባንክ ይሠራ ነበር፤ በጣም ውብ ባንኮች ናቸው፤ ሚኒሶታ ኦዋቶና ያለውን ፈልጋችሁ እዩ። በ1924 ቺካጎ ውስጥ አንድ ሆቴል ክፍል ውስጥ በድህነት ሞተ።

ጌጡን በሚመለከት፣ ሐሳቡና አመራሩ የሱሊቫን ነው። ግን ዋና ነዳፊው ጆርጅ ኤልምስሊ የሚባል ስኮትላንድ የተወለደ ሰው ነበር፤ ከሱ ጋር 20 ዓመት ገደማ ሠርቷል፤ በጋራንቲ ዝርዝር ጌጥ ላይ ትልቅ እጅ አለው። ፍራንክ ሎይድ ራይትም በዚያው ቢሮ ሠርቷል፤ ግን ከጋራንቲ በፊት በ1893 ወጥቷል። ወረቀቱን ወደ ጭቃ ለመለወጥ ደግሞ ክሪስቲያን ሽናይደር የሚባል ሞዴል አውጪ አለ። ለሱሊቫን ለብዙ ዓመት ሠርቷል። ጠፍጣፋ መስመር አይቶ የቱ ቅጠል ከላይ፣ የቱ ከሥር እንደሚሆን በእጁ የሚወስነው እሱ ነው። ስሙን የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው።

የፎቅ_ወዳጅ

ቺካጎ ነኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የሽናይደር ስም መነሳቱ በጣም ደስ ብሎኛል።

አንድ ሰው በውስጥ መስመር ሕንፃው እስካሁን እንዴት ቆመ ብሎ ጠይቆኛል። ሊፈርስ ነበር። በ1974 እሳት ተነሳበት። ተከራይ ሸሸ። በ1975 ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ፤ ግን አሜሪካ ውስጥ ያ ምዝገባ ብቻውን ባለቤቱን ከማፍረስ አያግደውም። በ1970ዎቹ መጨረሻ ባለቤቶቹ ሊያፈርሱት ተነሱ። የከተማው ሰዎች ጮኹ። ሴናተር ዳንኤል ፓትሪክ ሞይኒሃን ጉዳዩን የራሱ አደረገው። በ1983 እድሳቱ አለቀ። ከ2002 ጀምሮ የአንድ የጥብቅና ድርጅት ነው፤ እነሱም አሳድሰው ራሳቸው ይሠሩበታል። ለቢሮ የተሠራ ሕንፃ ከ125 ዓመት በላይ ቆይቶ ዛሬም ቢሮ ነው። እኔ ከዚህ የተሻለ የጥበቃ ዘዴ አላውቅም። ሙዚየም ቢሆን ኖሮ በጀት ሲያጥር ይዘጋ ነበር።

ቺካጎ_ነኝ

እኛ ጋ ግን አልተሳካም። አድለርና ሱሊቫን በ1894 የሠሩት የቺካጎ ስቶክ ኤክስቼንጅ (የአክሲዮን ገበያ) ሕንፃ በ1972 ፈረሰ። ሪቻርድ ኒክል የሚባል ፎቶ አንሺ ነበር። የሱሊቫንን ሕንፃዎች ሲፈርሱ እየተከተለ ያነሳ ነበር፤ መጀመሪያ እንዳይፈርሱ ይሟገታል፣ አልሆን ሲል ጌጦቹን በገዛ እጁ እየነቀለ ያወጣል። በኤፕሪል 1972 እዚያው ስቶክ ኤክስቼንጅ ውስጥ ጌጥ ሊያወጣ ገብቶ ፎቁ ተደረመሰበት። አስከሬኑ የተገኘው ከሳምንታት በኋላ ነው። የግብይት አዳራሹ ተነቅሎ በአርት ኢንስቲትዩት ሙዚየም ውስጥ እንደገና ተተክሏል። የመግቢያው ቅስት ደግሞ ከሙዚየሙ ውጭ ብቻውን ቆሟል። በር የሌለው ቅስት ነው። ሰው በሥሩ ያልፋል፤ የምን እንደሆነ የሚያውቀው ጥቂት ነው።

ጋራንቲ ያለበት ሁኔታ ምን ያህል ዕድል እንደሆነ የሚገባኝ ያን ቅስት ሳይ ነው።

ኮለንና_ቢም

ስለ ኒክል አላውቅም ነበር። ነፍሱን ይማር።

የቡፋሎዋ፣ ስለ ጥላው ያልሽው ገብቶኛል። ውስጡስ እንዴት ነው? ሰው መግባት ይችላል?

የቡፋሎዋ

ከሎቢው አጠገብ ስለ ሕንፃው የሚያስረዳ ማሳያ ክፍል አለ። የቢሮ ሕንፃ ስለሆነ በሥራ ቀን ብትመጣ ይሻላል፤ ሰዓቱን አስቀድመህ ጠይቅ። ሎቢው ትንሽ ነው፤ ግን ግድግዳው እብነ በረድ፣ ከላይ ሞዛይክ፣ ባለ ቀለም መስታወትም አለ። የደረጃውና የሊፍቱ ብረት ሥራ ላይ ጊዜ ስጥ። ውጭ በሸክላ ያየኸው ቅጠል ውስጥ በብረት ተሠርቶ ታገኘዋለህ። አንተ ብረት ስለምትወድ እሱን ትወደዋለህ ብዬ አስባለሁ።

ጥያቄ_አለኝ

እኔ እስከ ቡፋሎ መምጣት አልችልም፤ ግን ታላቅ እህቴ ኒው ዮርክ ከተማ ነው ያለችው። እዚያ ሱሊቫን የሠራው የለም? ሄዳ ፎቶ እንድትልክልኝ።

የፎቅ_ወዳጅ

አንድ ብቻ አለ፤ ቤያርድ ኮንዲክት ይባላል። በ1899 ነው ያለቀው። ብሊከር መንገድ ላይ፣ ክሮዝቢ መንገድ የሚያልቅበት ፊት ለፊት ነው። ሽፋኑ ነጣ ያለ ቴራኮታ ነው። ጣሪያው ጠርዝ ሥር ክንፋቸውን የዘረጉ ስድስት መላእክት አሉ። እህትህ ክሮዝቢ ላይ ራቅ ብላ ትቁም፤ አናቱ በደንብ የሚታየው ከዚያ ነው። ከዚያ ጠጋ ብላ የበሩን ዙሪያ ታንሳልህ። የመሀለኞቹን ቋሚዎችም ታንሳቸው፤ ይሄኛው ላይ ሱሊቫን ቀጫጭን አድርጓቸዋል፤ የብረት ኮለን ያለባቸውን ደግሞ ወፍራም። ኮለንና ቢም የጠየቀው ነገር እዚያ መልስ አግኝቷል። ፎቶው ሲደርስህ እዚሁ ለጥፈው፤ ክርክሩን ከዚያ እንቀጥላለን።